ክለቦቹ 11፣ ቤቱ አንድ፦ የአሳሞአ ጂያን የእግር ኳስ ሕይወት የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በሴፕቴምበር 2011 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ገና እንደተጀመረ፣ የ25 ዓመቱ ጋናዊ አጥቂ አሳሞአ ጂያን ሰንደርላንድን ትቶ በውሰት ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ክለብ ወደ አል-አይን ሄደ። ሰንደርላንድ ይህን ተጫዋች ከፈረንሳዩ ሬን ለማምጣት ከአንድ ዓመት በፊት 13 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ነበር፤ ገንዘቡም ክለቡ እስከዚያ ጊዜ ለአንድ ተጫዋች ካወጣው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ጂያን በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በሊጉ 10 ግቦችን አስቆጥሯል፤ በ2010 የዓለም ዋንጫ ያሳየው ብቃትም ስሙን ከአፍሪካ ታላላቅ አጥቂዎች ተርታ አስገብቶታል። በዚህ ዕድሜና በዚህ ደረጃ ላይ የሚገኝ አጥቂ የአውሮፓን መድረክ ትቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሊግ መሄዱ በወቅቱ እንግዳ ነገር ነበር። ወደዚያ ይሄዱ የነበሩት ታዋቂ ተጫዋቾች በአብዛኛው ሠላሳዎቹን የተሻገሩና ጫማቸውን ለመስቀል የተቃረቡ ነበሩና።

ይህ ጽሑፍ የጂያንን የእግር ኳስ ሕይወት የሚመረምረው ከዚያ ውሳኔ ተነሥቶ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ጂያን በጋና፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በኤምሬቶች፣ በቻይና፣ በቱርክና በህንድ በድምሩ ለ11 ክለቦች ተሰልፏል። የክለቦቹን ዝርዝር ብቻ በቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት የታጠፈ መንገድ ያያል። የብሔራዊ ቡድኑን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ጂያን ክለቦችን እንደ ሥራ ቦታ እየያዘ፣ የሚኖረው ግን «ጥቋቁር ከዋክብት» በሚባለው የጋና ቡድን ውስጥ ነበር። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት የ2011 ውሳኔ ያን ሕይወት አላሳጠረውም የሚል ነው። ያሳጠረው ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ሌላ ውሳኔ ይመስላል፤ ስለ እሱ የተወራው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ከአክራ እስከ ሬን

ጂያን የተወለደው በኖቬምበር 1985 በአክራ ነው። ታላቅ ወንድሙ ባፉር ጂያንም አጥቂ ሆኖ በአውሮፓ ክለቦችና በጋና ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ሰው ስለሆነ፣ እግር ኳስ ለታናሹ ከቤት ውስጥ የተገኘ ሙያ ነበር። ብዙ ወጣቶችን ለአውሮፓ ገበያ በማቅረብ በሚታወቀው በአክራው ሊበርቲ ፕሮፌሽናልስ ከታየ በኋላ፣ በ2003 የጣሊያኑ ኡዲኔዜ ወሰደው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ጋና ከሶማሊያ ጋር ባደረገችው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተቀይሮ ገብቶ ግብ አስቆጠረ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ አለ፤ በጣሊያን ስሙ ገና ሳይታወቅ በአገሩ መለያ ግብ አስቆጥሯል። ኡዲኔዜ ደግሞ ከውጭ አገር በርካታ ወጣቶችን በርካሽ ሰብስቦ፣ ለሌሎች ክለቦች እያዋሰ የሚያሳድግና በትርፍ የሚሸጥ ክለብ በመሆኑ፣ ጂያንም ሁለት የውድድር ዘመናትን በሞዴና በውሰት አሳለፈ።

በ2006 ጀርመን ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ጋና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ግብ ያስቆጠረው ጂያን ነበር። ግቡ የተቆጠረው ኮሎኝ ላይ በቼክ ሪፐብሊክ መረብ፣ ጨዋታው ከተጀመረ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ነው፤ በዚያ ውድድር ከተቆጠሩት ሁሉ ፈጣኑም እሱ ሆነ። በዚያው ጨዋታ ግን ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ከግቡ ቋሚ ጋር አጋጭቶታል። ጋና 2 ለ 0 አሸንፋ ስለወጣች ስለ ቅጣት ምቱ ብዙ የተናገረ አልነበረም። በጥሎ ማለፉ ጋና በብራዚል 3 ለ 0 ስትሸነፍ ጂያን ሆን ብሎ ወድቋል ተብሎ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ በማየቱ ከሜዳ ወጣ። ያን የዓለም ዋንጫ መለስ ብሎ ለሚያይ ሰው፣ የጂያን ሙሉ ጠባይ በተሰለፈባቸው ሦስት ጨዋታዎች ውስጥ ተጠቃሎ የታየ ያህል ነው፤ ፍጥነቱ፣ ድፍረቱ፣ ችኮላውና ከቅጣት ምት ነጥብ ጋር ያለው ያልተረጋጋ ዕድሉ።

የጋና ሕዝብ ከዚህ አጥቂ ጋር ያለው ግንኙነትም ቀደም ብሎ መሻከር ጀምሮ ነበር። ጋና በ2008 የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ፣ ጂያን በመክፈቻው ጨዋታ ጊኒ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ግብ ቢያስቆጥርም፣ ናሚቢያን በጠባቡ 1 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ባመከናቸው ዕድሎች ምክንያት ስድብና ዛቻ ወረደበት። በቡድኑ ውስጥ ከነበረው ከወንድሙ ጋር ሻንጣቸውን ሸክፈው ከካምፕ ሊወጡ ሲሉ ጓደኞቻቸው ለምነው አስቀሩአቸው። በዚያው ዓመት ክረምት ሬን በ8 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛው። የመጀመሪያ ዓመቱን ጉዳት በላበት፤ በሁለተኛው በፈረንሳይ ሊግ 13 ግቦችን አስቆጠረ። በ2010 መጀመሪያ አንጎላ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫም በሩብ ፍጻሜ አንጎላን፣ በግማሽ ፍጻሜ ናይጄሪያን 1 ለ 0 ያሸነፉባቸውን ግቦች ሁለቱንም ያገባው እሱ ነበር። በፍጻሜው ጋና በግብጽ 1 ለ 0 ተረታች። ማይክል ኤሲየን በጉዳት በሌለበትና በወጣቶች በተሞላ ቡድን ውስጥ የ24 ዓመቱ አጥቂ የቡድኑ ምሰሶ ሆኖ ወጣ።

ሶከር ሲቲ፣ ጁላይ 2፣ 2010

የደቡብ አፍሪካውን የዓለም ዋንጫ ጂያን የጀመረው በፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። ሰርቢያን 1 ለ 0 ያሸነፉባት ግብና ከአውስትራሊያ ጋር 1 ለ 1 የተለያዩባት ግብ ሁለቱም ከነጥቡ የመጡ ነበሩ። በጥሎ ማለፉ ሩስተንበርግ ላይ በተጨማሪው ሰዓት መጀመሪያ የአሜሪካን ተከላካዮች በትከሻው ገፍቶ ያስቆጠረው ግብ ጋናን ከካሜሩንና ከሴኔጋል ቀጥላ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች ሦስተኛዋ የአፍሪካ አገር አደረጋት። በአህጉሩ ምድር በተዘጋጀው የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ የቀረችው ብቸኛ የአፍሪካ ቡድንም እሷ ነበረች።

ሩብ ፍጻሜው ጆሃንስበርግ በሚገኘው ሶከር ሲቲ ከኡራጓይ ጋር ነበር። ሱሌይ ሙንታሪ ከረጅም ርቀት አስቆጠረ፤ ዲየጎ ፎርላን በቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ሆኖ ተጨማሪው ሰዓት ወደ ማለቁ ተቃረበ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከጋና ቅጣት ምት የተነሣችው ኳስ በኡራጓይ የግብ ክልል ውስጥ ስትተራመስ፣ ሉዊስ ሱዋሬዝ አንዱን ምት ከመስመሩ ላይ በአካሉ ካወጣ በኋላ፣ ዶሚኒክ አዲያ በጭንቅላቱ የገጫትን ሁለተኛ ኳስ በሁለት እጆቹ መለሳት። ዳኛው ቀይ ካርድ አውጥተው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ጂያን መታ፤ ኳሷም የላይኛውን አግዳሚ ገጭታ ወደ ሰማይ ወጣች። ሱዋሬዝ ወደ መልበሻ ክፍል በሚወስደው መውጫ ላይ ቆሞ እየጨፈረ ታየ።

በዚህ ክስተት ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ሲነገሩ ይሰማል፤ ለጉዳዩ ጥራት ሲባል መለየት ይገባቸዋል። አንደኛው የሱዋሬዝ ድርጊት ነው። የጨዋታው ሕግ እንዲህ ላለው ጥፋት የሚያዝዘው ቅጣት ቀይ ካርድና ፍጹም ቅጣት ምት ሲሆን፣ ሁለቱም ተሰጥተዋል፤ ሕጉ ኳሷን እንደ ግብ እንዲቆጥር ለዳኛው ሥልጣን አይሰጠውም። ስለዚህ ጋና በሕጉ አፈጻጸም አልተበደለችም፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ ሕጉ ራሱ ጥፋተኛውን አትራፊ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው የጂያን ምት ነው። በውድድሩ ሁለት ቅጣት ምቶችን ያስቆጠረ የቡድኑ መደበኛ መቺ በመሆኑ ኳሷን ማንሣቱ ድፍረት ወይም እብሪት ሳይሆን ተራ ኃላፊነት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጂያንን የሚያሳየው ከደቂቃዎች በኋላ የሆነው ነገር ነው። ጨዋታው በመለያ ምት ሲቀጥል ለጋና የመጀመሪያውን ምት ለመምታት የወጣው ራሱ ጂያን ነበር፤ ኳሷንም በላይኛው ማዕዘን አስገባት። የቡድኑን ሽንፈት ያረጋገጡት ግብ ጠባቂው ፈርናንዶ ሙስሌራ ያዳናቸው የአምበሉ የጆን ሜንሳና የአዲያ ምቶች ሲሆኑ፣ ኡራጓይ 4 ለ 2 አልፋለች። ይሁን እንጂ በሕዝብ ትውስታ ውስጥ የቀረው አግዳሚው ብቻ ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ትልቁን ዕድል ካመከነ በኋላ፣ እንባው ሳይደርቅ ወደዚያው ነጥብ ተመልሶ የመታበት ድፍረት ከአግዳሚው እኩል መነገር ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የ2011 ውሳኔ

በኦገስት 2010 የመጨረሻ ቀን ሰንደርላንድ ጂያንን አስፈረመ። በመጀመሪያ ጨዋታው ዊጋን ላይ አስቆጠረ፤ በኖቬምበር ሰንደርላንድ ቼልሲን በስታምፎርድ ብሪጅ 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ከአስቆጣሪዎቹ አንዱ ነበር፤ በጃንዋሪ 2011 ከባላንጣው ኒውካስል ጋር በተደረገው ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት አቻ የምታደርገውን ግብ አገባ። ቢቢሲ የ2010 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ብሎ መረጠው። ማርች 2011 ላይ ደግሞ ጋና በዌምብሌይ ከእንግሊዝ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ የመጨረሻዋን ደቂቃ ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው።

ክለቡ ግን በዚያው ጊዜ አጥቂዎቹን እያጣ ነበር። ዳረን ቤንት በጃንዋሪ ወደ አስቶን ቪላ ሄደ፤ ከማንቸስተር ዩናይትድ በውሰት የመጣው ዳኒ ዌልቤክ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የአጥቂ መስመሩ ሸክም በጂያን ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። አል-አይን የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ ለአንድ ዓመት ውሰት ብቻ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደከፈለ ተዘግቧል፤ ለተጫዋቹ ያቀረበው ደመወዝም በሰንደርላንድ ከሚያገኘው በብዙ እጥፍ የሚበልጥና የገቢ ግብር የማይነካው ነበር። የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት ተዘግቶ ስለነበር አሰልጣኙ ስቲቭ ብሩስ ምትክ ሊያስፈርም አልቻለም፤ ቅሬታውንም በአደባባይ ተናገረ። ብሩስ በዚያው ኖቬምበር መጨረሻ ከሥራው ተሰናበተ። የሰንደርላንድ ደጋፊዎች ጂያንን ለገንዘብ የከዳን ሰው ብለው ቢያዝኑ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ ቡድናቸው በቀጥታ ተጎድቷልና።

ከተጫዋቹ ወገን ሲታይ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የአንድ አጥቂ የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ ጉዳት ደግሞ የጂያንን የመጀመሪያ ዓመት በሬን አበላሽቶበታል። በኤምሬቶች የሊግ ጨዋታዎች ቁጥር አነስተኛ፣ የአካል ትግሉም ከእንግሊዝ የቀለለ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ ሲል አካሉን መጠበቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እርግጥ ገንዘቡ ዋናው ምክንያት እንዳልነበረ አድርጎ መጻፍ አንባቢን መሸወድ ይሆናል።

አል-አይን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከመውረድ ለጥቂት የተረፈ ትልቅ ስም ያለው ክለብ ነበር። ጂያን በመጀመሪያ ዓመቱ በ18 የሊግ ጨዋታዎች 22 ግቦችን አስቆጥሮ ክለቡ ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 ዝውውሩ ቋሚ ከሆነ በኋላ በሊጉ 31፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 29 ግቦችን በማስቆጠር ሦስት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ክለቡም በ2013 እና በ2015 እንደገና የሊጉን ዋንጫ፣ በ2014 የፕሬዚዳንቱን ዋንጫ አነሣ። ለግቦቹ መብዛት አንዱ ምክንያት ከኋላው ሆኖ ኳስ የሚያቀብለው ዑመር አብዱልራህማን ነበር፤ ይህ ጠጉረ ጎፈሬ አማካይ ተከላካዮች መሐል የሚያሾልካቸው ኳሶች ለጂያን ሩጫ የተሰፉ ይመስሉ ነበር። በ2014 የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግም ጂያን በ12 ግቦች ቀዳሚ ሆኖ ጨረሰ፤ በወቅቱ አል-አይንን ያሰለጥን የነበረው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ክሮኤሺያን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያበቃው ዝላትኮ ዳሊች ነው። ሊጉ ደካማ ነው የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። ጥያቄው ግን ደካማ ሊግ ውስጥ የሚጫወት አጥቂ ጠንካራ ተከላካዮች ሲገጥሙት ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ለዚህ መልስ የሚሰጠው የብሔራዊ ቡድኑ መዝገብ ነው።

ባታ፣ እናቱ እና የአምበልነቱ ዓመታት

ፌብሩዋሪ 8፣ 2012 በኢኳቶሪያል ጊኒዋ ባታ ከተማ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ጋና ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ጂያን መታ፤ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። በሁለተኛው አጋማሽ ኢማኑኤል ማዩካ አስቆጥሮ ዛምቢያ 1 ለ 0 አለፈች፤ ቀጥላም ዋንጫውን ወሰደች። የ2010 ቁስል ገና ያልሻረለት የጋና ሕዝብ ቁጣውን በጂያን ላይ አወረደ፤ እሱም ላልተወሰነ ጊዜ ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን አገለለ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር እናቱ በመኪና አደጋ አረፉ። ጂያን እንደተናገረው፣ እናቱ ከዚያ በፊት ለአገሩ ፍጹም ቅጣት ምት እንዳይመታ መክረውት ነበርና ቃላቸውን ለማክበር ወሰነ። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ አምበል ሆኖ ሲመለስ የቡድኑን ቅጣት ምቶች የሚመታው ሙባረክ ዋካሶ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ከቡርኪና ፋሶ ጋር የተደረገው ጨዋታ በመለያ ምት ሲወሰን ከጋና አምስት መቺዎች መካከል ጂያን አልነበረም፤ ሦስቱ መቺዎች አምክነው ጋና ወደቀች። አምበል ሆኖ ዳር መቆሙ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ጋናውያን ዛሬም አይስማሙም። ለእናቱ የገባው ቃል የሚከበር ነው፤ ሆኖም በ2010 ከአግዳሚው በኋላ ተመልሶ የመታውን ጂያን ለሚያስታውስ ሰው፣ ያ ድፍረት ከባታ በኋላ በቡድኑ ውስጥ ተተኪ አላገኘም።

በክፍት ጨዋታ ግን አጥቂው አልደከመም። በኦክቶበር 2013 ኩማሲ ላይ ጋና ግብጽን 6 ለ 1 ስትረመርም ሁለቱን አስቆጠረ፤ ይህም ወደ ብራዚል የሚወስደውን በር ከሞላ ጎደል የከፈተ ነበር። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፎርታሌዛ ላይ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነችው ጀርመን ጋር 2 ለ 2 በተለያዩበት ጨዋታ አንዱን ግብ አገባ፤ ፖርቹጋል ላይ ሌላ ጨመረ። በድምሩ ስድስት የዓለም ዋንጫ ግቦችን በማስቆጠር የካሜሩኑን ሮጀር ሚላን አምስት ግቦች አለፈ፤ በሦስት የተለያዩ የዓለም ዋንጫዎች ግብ ያስቆጠረ የመጀመሪያው አፍሪካዊም ሆነ። ለደካማው ሊግ ወቀሳ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ሁለቱን ግቦች ያስቆጠረው ለሦስት ዓመታት በአል-አይን የቆየው ጂያን ነው።

ያን የዓለም ዋንጫ ግን ጋናውያን የሚያስታውሱት በግቦቹ አይደለም። ተጫዋቾቹ የተሳትፎ ክፍያቸው ባለመሰጠቱ ልምምድ አቋረጡ፤ መንግሥት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በአውሮፕላን ጭኖ ወደ ብራዚል ላከ፤ ገንዘቡ በፖሊስ ታጅቦ ወደ ሆቴሉ ሲገባ ቴሌቪዥን አሳየው። ሙንታሪና ኬቪን-ፕሪንስ ቦአቴንግ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከቡድኑ ተባረሩ። በተጫዋቾቹና በፌዴሬሽኑ መካከል የቆመው አምበሉ ጂያን ነበር። ቃል የተገባ ገንዘብ በቃል ብቻ እንደሚቀር ደጋግመው ያዩ ተጫዋቾች በእጃችን ካልገባ ማለታቸው ከስግብግብነት ይልቅ በአስተዳደሩ ላይ የነበራቸውን አመኔታ መጠን የሚያሳይ ነው።

በ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ጂያን በወባ ታሞ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ፤ በሁለተኛው ተሰልፎ በጭማሪ ሰዓት አልጄሪያን 1 ለ 0 ያሸነፉባትን ግብ አስቆጠረ። በሩብ ፍጻሜው የጊኒ ግብ ጠባቂ ስለመታው ግማሽ ፍጻሜው አመለጠው። ፍጻሜው እንደገና በባታ፣ እንደገና በፌብሩዋሪ 8፣ ከኮትዲቯር ጋር ነበር። ጨዋታው ያለ ግብ ሲያልቅ አሰልጣኙ አቭራም ግራንት መለያ ምቱ ሊጀመር ሲል አምበሉን ቀይሮ አስወጣው። ኮትዲቯር 9 ለ 8 አሸነፈች፤ የጋናው ግብ ጠባቂ ብሪማ ራዛክ ምቱን ሲያመክን፣ የኮትዲቯሩ ግብ ጠባቂ ቡባካር ባሪ የራሱን አስቆጠረ። ጋና ከ1982 ወዲህ አጥታው የኖረችው ዋንጫ እንደገና አመለጣት።

ሻንጋይና ቁልቁለቱ

በጁላይ 2015 ጂያን ወደ ሻንጋይ ሲፕግ ተዛወረ። የቻይና ክለቦች ገበያውን በገንዘብ ማጥለቅለቅ የጀመሩበት ጊዜ ነበርና ደመወዙ በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ እንደሚሰለፍ ተዘግቧል። በእኔ ግምት የተጫዋቹን መንገድ በእውነት ያጠፈው ይህ ነው። በአል-አይን ቡድኑ በሙሉ ለእሱ ይጫወት ነበር፤ ከተማውና ሊጉ ተስማምተውታል፤ ውሉም አላለቀም ነበር። በቻይና ግን የውጭ ተጫዋቾች ቁጥር የተገደበ ስለሆነ አንድ የውጭ አጥቂ ሲጎዳ የክለቡ ገንዘብ ቦዝኖ ይቀመጣል፤ ክለቡም ወዲያው ሌላ ይፈልጋል። ጂያን ደጋግሞ ተጎዳ፤ ሻንጋይም በ2016 ኤልኬሰንንና ሃልክን አመጣ። በዚያው ኦገስት ወደ እንግሊዙ ሬዲንግ ሊሄድ ሞክሮ የሕክምና ምርመራውን ባለማለፉ ቀረ፤ 30 ዓመት የሞላው ሰው ጉልበቱ ምን ላይ እንደደረሰ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያሻም። በውሰት የተቀበለው የዱባዩ አል-አህሊ ሲሆን፣ አሰልጣኙ በአል-አይን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች አብሮት ያነሣው ኮስሚን ኦላሮዩ ነበር። ከዚያ ዓመት በዓለም ዜና የወጣው ነገር ግን ፀጉሩ ነበር፤ የአገሪቱ ፌዴሬሽን የፀጉር አቆራረጣቸው ከሥነ ምግባር ውጭ ነው ካላቸው ከ40 በላይ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

በብሔራዊ ቡድን ግን ገና አልጨረሰም። በ2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማሊ ላይ አስቆጥሮ በስድስት የተለያዩ የአፍሪካ ዋንጫዎች ግብ ካስቆጠሩት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። በጁን 2017 ደግሞ ኩማሲ ላይ ጋና ዋልያዎቹን 5 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው ጂያን ነበር፤ የኢትዮጵያ ተመልካች የዚህን አጥቂ አቅም በቀጥታ የቀመሰው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለቱርኩ ካይሴሪስፖር ሁለት ዓመት፣ በ2019 መጨረሻ ለህንዱ ኖርዝኢስት ዩናይትድ ጥቂት ወራት ተጫወተ፤ ሁለቱም ጉዳት የበዛባቸው ነበሩ።

የክለብ ሕይወቱ ሲከስም አምበልነቱ የቀረው ብቸኛ ማዕረግ ሆነ። በሜይ 2019፣ ለግብጹ የአፍሪካ ዋንጫ ዝግጅት ሲጀመር፣ አሰልጣኙ ክዌሲ አፒያ አምበልነቱን ለአንድሬ አየው ሰጥቶ ጂያንን «ጠቅላላ አምበል» የሚል የክብር ስም አወጣለት። ጂያን ከብሔራዊ ቡድኑ በጡረታ መውጣቱን በመግለጫ አስታወቀ፤ ፕሬዚዳንት ናና አኩፎ-አዶ ደውለው ውሳኔውን እንዲያጤነው ጠየቁት፤ እሱም በቀናት ውስጥ ቃሉን ሳበ። ከእግር ኳስ ውጭ የሚያይ ሰው ይህን የልጅ ኩርፊያ ሊለው ይችላል። ከ16 ዓመታት በኋላ ግን ክለቦቹ ሁሉ አልፈው የቀረችውን አንዲት ቤት ቁልፍ መረከብ ለማንም ከባድ ነው። በውድድሩ ጥቂት ደቂቃዎችን ተሰለፈ፤ ጋናም በቱኒዚያ በመለያ ምት ተሸንፋ ወጣች።

የመጨረሻ ክለቡ በአክራ የሚገኘው ሌጎን ሲቲስ ሲሆን፣ በ2020 መጨረሻ ሲገባ ብዙ ደጋፊ ቢጠብቀውም አካሉ እምብዛም አላጫወተውም። «ቤቢ ጄት» በሚለው ቅጽል ስሙ ሙዚቃን፣ የቦክስ ውድድር ማዘጋጀትንና ልዩ ልዩ ንግዶችን ሞክሯል፤ በተማረበት በአክራ አካዳሚም ሰው ሠራሽ ሣር ያለው ሜዳ አሠርቷል።

በዲሴምበር 2022 ኳታር ላይ ጋናና ኡራጓይ በዓለም ዋንጫ እንደገና ተገናኙ። ሱዋሬዝ ከጨዋታው በፊት ስለ 2010 ይቅርታ እንደማይጠይቅ፣ ቅጣት ምቱን የሳተው የጋና ተጫዋች እንጂ እሱ እንዳልሆነ ተናገረ። አንድሬ አየው በመጀመሪያው አጋማሽ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ሰርጂዮ ሮቼት አዳነበት፤ ኡራጓይ 2 ለ 0 ብታሸንፍም ሁለቱም ቡድኖች ከምድቡ ወደቁ። ጂያን ከስድስት ወር በኋላ፣ በጁን 2023፣ ከእግር ኳስ በይፋ ሲሰናበት በ109 ጨዋታዎች 51 ግቦችን ያስቆጠረ የጋና ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ነበር፤ ለኳታር ከተጓዙት አምስት የአፍሪካ ቡድኖች ተጫዋቾች መካከልም ስድስቱን የዓለም ዋንጫ ግቦቹን የደረሰበት አልነበረም።